የአባቶች ቡድን ምንድን ነው?

አንዲት ሴት ስታረግዝ መካሪ አታጣም። እናቷ አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ጤና ጣቢያ ክትትል አላት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቷ ድረስ ትመጣለች። ባልየውስ? «እንኳን ደስ አለህ» ይባላል፣ ገንዘብ ያዝ ያዝ አድርግ ይባላል፣ በቃ። አራስ ልጅ እንዴት እንደሚታቀፍ፣ ሚስቱ በወሊድ ሰሞን ምን እንደሚያስፈልጋት፣ ሌሊት ልጅ አልተኛ ሲል ንዴትን እንዴት እንደሚይዙት አብሮት የሚያወራ ሰው የለም። የአባቶች ቡድን የሚባለው ለዚህ ሰው የታሰበ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ አካባቢ የሚኖሩ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወይም ልጅ የሚጠብቁ ወንዶች በየሳምንቱ ለተወሰኑ ወራት ይገናኛሉ። የሚያወያያቸው ከከተማ የመጣ ባለሙያ አይደለም። እዚያው የሚኖር፣ አጭር ሥልጠና የወሰደ ሌላ አባት ነው። ንግግር አያደርግላቸውም፤ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱ ያወራሉ። በአንዳንዱ ቀን ሚስቶቻቸውም ይገኛሉ።

በደንብ ከተጠኑት አንዱ የሩዋንዳው «ባንደበሬሆ» ነው። በላቲን አሜሪካ ለአባቶች ከተዘጋጀው «ፕሮግራም ፒ» ተወስዶ ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ፕሮሙንዶ የተባለው ድርጅትና አንድ የሩዋንዳ ወንዶች ማዕከል አብረው አካሄዱት። ወንዶቹ 15 ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ከ15ቱ በ8ቱ ሚስቶቻቸውም አብረው ይቀመጣሉ። ስለ እርግዝናና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲነሳ የአካባቢው ነርስ ትጋበዛለች። ስለ ጥቃትና ስለ ሕግ ሲነሳ ደግሞ ፖሊስ ይመጣል።

ከመልመጃዎቹ ሁለቱን ልንገራችሁ። በአንደኛው እያንዳንዱ ሰው ስለ ገዛ አባቱ እንዲያስብ ይጠየቃል። አባትህ ካደረገልህ ነገር ለልጅህ ማድረግ የምትፈልገው የቱን ነው? እንዲደገም የማትፈልገውስ? ትልልቅ ወንዶች ተቀምጠው ስለ አባታቸው ዱላ፣ ወይም ጭራሽ ቤት ስላልነበረ አባት ሲያወሩ አስቡት። ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ በሕይወታችን አንድም ሰው ጠይቆን አያውቅም። ሁለተኛው የ24 ሰዓት ቆጠራ ነው። ሚስትህ ከንጋት እስክትተኛ ምን ምን ትሠራለች? አንተስ? ተራ በተራ ይዘረዘራል። ውሃ፣ እንጨት፣ ምግብ፣ ልብስ፣ የልጅ ሽንት ጨርቅ፣ ሌሊት መነሳት። የእሷ ዝርዝር ሲረዝም ማንም መስበክ አያስፈልገውም።

ውጤቱ በወሬ አልቀረም። 1,199 ጥንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ተሳተፉ፣ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ ቀሩ። ከ21 ወራት በኋላ ሲጠየቁ፣ ባለፈው ዓመት ባላቸው እንደመታቸው የተናገሩት ሴቶች ካልተሳተፉት መካከል 57 ከመቶ፣ ከተሳተፉት መካከል 33 ከመቶ ነበሩ። ልጆችን መምታትም ቀንሷል። ወንዶቹ ለእርግዝና ክትትል ከሚስቶቻቸው ጋር መሄድ አብዝተዋል፣ የቤት ሥራም ይጋራሉ። 33 ከመቶ አሁንም ብዙ ነው፣ በጣም ብዙ። ቢሆንም በሳምንት አንድ ጊዜ በሚደረግ ውይይት እዚህ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

ለምን ሠራ? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ምክንያት ቡድን መሆኑ ነው። አባቶች ልጃቸውን ስለማይወዱ አይደለም የሚርቁት። ብዙ ጊዜ የሚያስራቸው ይሉኝታ ነው። እኛው ሰፈር ልጅ አዝሎ መንገድ የወጣ ወይም ደጅ ላይ ልብስ ያጠበ ወንድ ምን እንደሚባል እናውቃለን። «መስተፋቅር አብልታው ነው» ይባላል። ይህን ለብቻ መቋቋም ከባድ ነው። አሥር አሥራ ሁለት የሰፈር ወንዶች አብረው ሲጀምሩት ግን የሚስቀው ሰው ያንሳል። ትናንት ይስቅ የነበረው ጎረቤት ዛሬ አብሮህ ቡድኑ ውስጥ ተቀምጧል። ለዚህም ነው ለአንድ አባት በራሪ ወረቀት መስጠት ብዙም የማይለውጠው።

ከሩዋንዳ በፊትም ቢሆን ኒጀር ውስጥ፣ በዚንደር አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ «የባሎች ትምህርት ቤት» የሚባል የወንዶች ቡድን ነበር። እዚያ ትኩረቱ እናቶች ጤና ጣቢያ እንዲወልዱ ማድረግ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች የተሞከረ አለ። ለአባቶች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ ዓላማው በትዳር ውስጥ ያለን ጥቃትና ኤች አይ ቪን መከላከል ነበር። ግን ደስ የሚል አካሄድ ነበረው። 14ቱም ውይይቶች ቡና ተፈልቶ የሚደረጉ ናቸው። በአንዳንዱ መንደር ሴቶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ወንዶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው ተወያዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት ወንዶች በሚስቶቻቸው ላይ የሚያደርሱት ወሲባዊ ጥቃት መቀነሱ ጎልቶ የታየው ወንዶቹ ራሳቸው በተወያዩበት ነው። ሴቶችን ብቻ ሰብስቦ «ጥቃትን ተከላከሉ» ማለት ምን ያህል እንደሚጎድለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ቡድን ብቻውን ግን ጊዜ አይሰጥም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በግል ድርጅት የሚሠራ አባት ሚስቱ ስትወልድ የሚያገኘው ፈቃድ 3 ቀን ነው። በ3 ቀን እናትና ልጅ ከሆስፒታል ቤት ገብተው ዘመድ መጥቶ ሳያበቃ ያልቃል። የቀን ሠራተኛውማ ይህንንም አያገኝም፤ ካልሠራ አይበላም። ስለዚህ ስብሰባው የሚደረገው ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ወይም እሁድ ከሰዓት መሆን አለበት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በቀበሌ አዳራሽ አባቶችን የሚጠራ ፕሮግራም ባዶ ወንበር ነው የሚያወያየው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። አንድ የሠለጠነ አወያይ፣ የመወያያ መመሪያ፣ መቀመጫ። ሰው ለመጥራት እድር አለን፣ ጽዋ ማኅበር አለን፣ መስጊድ አለን። ከማን እንጀምር ከተባለም ሚስቶቻቸው ነፍሰ ጡር ከሆኑት ይሁን። ጤና ጣቢያው ማን እንደሆኑ ያውቃል። ሚስትየው ለክትትል ስትመጣ «በሚቀጥለው ባለቤትሽም ይምጣ» ማለት ይቻላል። ሲመጣም በር ላይ እንዳይቆም ለእሱም ወንበር ይዘጋጅለት።