የአሰልጣኝ መዛል ምንድን ነው?

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ የታዳጊ ፕሮጀክት ነበር። አሰልጣኛችንን ሁላችንም "ኮች" ነበር የምንለው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ስንደርስ እሱ ቀድሞን ኮኖቹን ደርድሮ ይጠብቀናል። ኮን ይባሉ እንጂ አፈር የተሞሉ የሃይላንድ ላስቲኮች ነበሩ። ኳሱን የሚነፋው እሱ ነው። ማሊያውን ቤቱ ወስዶ የሚያጥበው እሱ ነው። "ልጄ ትምህርቱን ይማርበት" ያለች እናት ቤት ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ የሚያግባባትም እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ኮኖቹ አልተደረደሩም። ኮች የሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። ፊሽካው አንገቱ ላይ አለ፣ ግን አልነፋውም። "ዛሬ እናንተው ተጫወቱ" አለን። እኛ ደስ አለን። በሳምንቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ አንድ ልጅ ኳስ ስቶ ሲስቅ ኮች ብድግ ብሎ አንባረቀበት። እንደዚያ ሲጮህ ሰምተነው አናውቅም ነበር። ከወር በኋላ ጭራሽ መምጣት አቆመ። ሰፈሩ "ሰነፈ" አለ። ሰነፍ ሰው ግን ለዓመታት ከንጋት በፊት ተነስቶ የሰው ልጅ አያሰለጥንም። ኮች ዝሎ ነበር።

ፈረንጆቹ በርንአውት ይሉታል፣ ነዶ ነዶ ማለቅ እንደ ማለት። እኔ ግን "መዛል" የሚለው የራሳችን ቃል ይሻለኛል። እናቶቻችን "ልቤ ዛለ" ሲሉ የእግርና የወገብ ድካም ማለታቸው አይደለም። የእግር ድካም ተኝተው ሲነሱ ይወጣል። የልብ መዛል አንድ ሌሊት በመተኛት አይወጣም።

ነገሩን መጀመሪያ በጥናት መልክ የጻፈው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974። ኒውዮርክ ውስጥ በነጻ በሚያክም ክሊኒክ ይሠራ ነበር። እዚያ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉት ሰዎች በፍቅር ይጀምራሉ፣ ከጊዜ በኋላ ግን ይደክማሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ለበሽተኛው ግድ ማጣት ይጀምራሉ። ፍሮይደንበርገር ራሱም ደርሶበታል። ልብ በሉ፣ ታሪኩ የሚጀምረው ሥራቸውን በሚጠሉ ሰዎች አይደለም። ከልባቸው በሚወዱት ሰዎች ነው የሚጀምረው።

ከዚያ ክርስቲና ማስላክ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መልኩን በሦስት ለየችው። አንዱ የስሜት መሟጠጥ ነው፣ ለሰው የሚሰጥ ነገር ከውስጥ ማለቅ። ሁለተኛው ሰዎችን እንደ ዕቃ ማየት መጀመር ነው። ሦስተኛው "የምሠራው ነገር ምንም አይረባም" የሚል ስሜት ነው። ወደ ሜዳ ስናመጣው እንዲህ ይመስላል። አሰልጣኙ ልምምድ ሊጀምር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሆዱ ይጨነቃል። ተጫዋቾቹን በስማቸው መጥራት ትቶ "አንተ 7 ቁጥር" ይላል። ቡድኑ 3 ለ 0 አሸንፎ እንኳ ቤቱ ሲገባ ምንም ደስታ አይሰማውም። እኔን ከሦስቱ በጣም የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መዛልን በበሽታዎች መዝገቡ 11ኛ እትም ውስጥ አስገብቶታል። በሽታ ነው አላለም። በአግባቡ ካልተያዘና ከቆየ የሥራ ውጥረት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰውዬው ብቻ ሳይሆን ሥራው የተዘረጋበት መንገድም ይጠየቃል ማለት ነው። ድብርት ግን ሌላ ነው። ሐዘኑ ከሜዳ አልፎ ቤትን፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን ሁሉ ከያዘና ለሳምንታት ካልለቀቀ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

አሰልጣኝ ለምን በተለይ ይዝላል? የሚጠየቀው በራሱ እግር ባልመታው ኳስ ነው። አጥቂው ፍጹም ቅጣት ምት ይስታል፣ ሰኞ ስብሰባ ላይ ተጠርቶ የሚጠየቀው አሰልጣኙ ነው። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ድረስ ሄዶ በናይጄሪያ ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ከኃላፊነት ተሰናበቱ። ይህን የምለው የማንንም ውሳኔ ለመፍረድ አይደለም። በዚህ ሙያ ትናንት የተሠራ ነገር ለነገ ዋስትና እንደማይሆን ያሳያል።

ሌላው ብቸኝነቱ ነው። ተጫዋች ሲከፋው ለጓደኛው ይናገራል። አሰልጣኙ ለማን ይናገር? ለተጫዋቾቹ ቢነግር "ፈራ" ይባላል። ለክለቡ አመራር ቢነግር ወንበሩን ያስነቀንቃል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በሳምንት አንድ ቀን ያየችው ሰው ነው፣ እሷንም በዚያ ቀን ማስጨነቅ አይፈልግም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። ከታች፣ ታዳጊ የሚያሰለጥኑት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ የዕለት እንጀራ አላቸው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በቆጂ ላይ በልጅነታቸው ያሰለጠኑት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ።

ገንዘብና ዝናም ከመዛል አያድኑም። ፔፕ ጓርዲዮላ እ.ኤ.አ. በ2012 ባርሴሎናን ሲለቅ በአራት ዓመት 14 ዋንጫ አንስቶ ነበር። ተሟጥጫለሁ አለና አንድ ዓመት ኒውዮርክ ገብቶ አረፈ። ራልፍ ራኝኒክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 የጀርመኑን ክለብ የሻልከን አሰልጣኝነት የለቀቀው በግልጽ በዚሁ በመዛል ምክንያት ነው። በዓመቱ ወደ እግር ኳስ ተመለሰ። ዩርገን ክሎፕም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከሊቨርፑል እንደሚለቅ ሲያሳውቅ ጉልበቴ እያለቀ ነው ብሏል። ቡድኑ እኮ ያኔ ሊጉን እየመራ ነበር! እኔ ይህን ድክመት አልለውም። ልጆቹ ላይ መጮህ ሳይጀምሩ ነው የተናገሩት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ከአመራር ጋር የሚገናኘው። የአሰልጣኝ ስሜት ይጋባል። ኮች ሜዳ ሲገባ እኛ መጀመሪያ የምናየው ፊቱን ነበር። ፊቱ ከጠቆረ ማንም ኳስ ደፍሮ አይጠይቅም፣ ሁሉም ከእግሩ ቶሎ ያሳልፋል። የዛለ አሰልጣኝ ለማስረዳት ትዕግስት የለውም፣ ስለዚህ ያዛል። ሲታዘዝ የዋለ ልጅ ደግሞ ራሱ ማሰብ ያቆማል። ያኔ አሰልጣኙ "እነዚህ ልጆች ያለ እኔ ምንም አይሠሩም" ብሎ ሌላ ሸክም ይጨምራል። እንዲህ እየተሽከረከረ ይሄዳል።

ይህን ሽክርክሪት የሚሰብረው ከሁሉ በላይ ሸክም ማካፈል ነው ብዬ አምናለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ገና የስኮትላንዱ ክለብ አበርዲን እያለ ልምምዱን ሁሉ ራሱ ነበር የሚያሠራው። ረዳቱ "ይህን ለእኛ ተውልንና አንተ ቆመህ ተመልከት" አለው። መጀመሪያ እምቢ ብሎ በኋላ ተቀበለ። ቁጥጥር የሚያጣ መስሎት ነበር። ግን ከዳር ሆኖ ሲያይ የተጫዋቹ አረማመድ መለወጡን፣ ጉልበቱ መውረዱን፣ ቤቱ ችግር እንዳለ ሁሉ ማስተዋል ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማንችስተር ዩናይትድን እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2013 መራ። ረዳት የሌለው የሰፈር አሰልጣኝም ቢሆን ማሟሟቂያውን ለአምበሉ፣ ማሊያውን በተራ ለወላጆች፣ የመዋጮውን ደብተር ለአንድ አባት መስጠት ይችላል።

የቀረው ቀላል ይመስላል፣ ማድረጉ ግን ይከብዳል። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ የወላጆችን ስልክ አለማንሳት። ከሽንፈት በኋላ ቪዲዮውን በዚያው ሌሊት አለማየት። በሳምንት አንድ ቀን ስለ ኳስ የማይወራበት ቤት። የሌላ ቡድን አሰልጣኝ ወዳጅ ማበጀት፣ እውነቱን የሚያወሩት። ክለቦችና ፌዴሬሽኖችም ድርሻ አላቸው። ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፍሉ "ራስህን ጠብቅ" የሚል ስልጠና መስጠት ዋጋ የለውም።

ኮች በዓመቱ ተመለሰ። አሁን የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ማሊያውን እናቶቻችን በተራ ያጥባሉ፣ የእኔ እናት ተራ የወሩ መጨረሻ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮኖቹን እኛ ደረደርን። ኮች ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ያን የጮኸበትን ልጅ ጠራው። በስሙ ጠራውና "ማሟሟቂያውን አንተ አሠራ" ብሎ አስጨበጠው።