ትሱቦሳካ፦ ባልና ሚስት አብረው የሚሳለሙት የጃፓን ቤተ መቅደስ

በጃፓን ናራ ግዛት፣ ታካቶሪ ከተባለችው ትንሽ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ የትሱቦሳካ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ይገኛል። እንደ ትውፊቱ እ.ኤ.አ. በ703 የመሠረተው ቤንኪ የተባለ መነኩሴ ነው። በውስጡ የከበረችው ባለ ሺህ እጅዋ ካኖን ናት፤ ጃፓኖች ችግር ላይ የወደቀውን ሰው ጩኸት ትሰማለች ብለው የሚማጸኗት የርኅራኄ ቅድስት። ዓይናቸውን የታመሙ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እዚህ ደጅ ሲጠኑ ኖረዋል፤ የንጉሠ ነገሥት ካንሙ ዓይንም በዚህ ቤተ መቅደስ ጸሎት ዳነ ይባላል።

ትሱቦሳካ በምዕራብ ጃፓን የሚገኙትን 33 የካኖን ቤተ መቅደሶች በሚያያይዘው የሳይጎኩ የተሳላሚዎች መንገድ ላይ 6ኛው ነው። መንገዱ ከናቺ ፏፏቴ አጠገብ ካለው ሴይጋንቶጂ ተነሥቶ ጊፉ ግዛት ውስጥ ኬጎንጂ ላይ ያበቃል፤ ርዝመቱ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዛሬ አብዛኛው ተሳላሚ በባቡርና በመኪና፣ ጊዜ ባገኘ ቁጥር ከፋፍሎ ይጨርሰዋል።

ባለትዳሮችን ወደ ትሱቦሳካ የሚስባቸው ግን የኦሳቶና የሳዋኢቺ ታሪክ ነው። ሳዋኢቺ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋበት ድኻ ሰው ነበር፤ ኦሳቶ የሰው ልብስ እየሰፋች ታኖረዋለች። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ባል አንድ ነገር ይከነክነዋል፦ ሚስቱ በየሌሊቱ ጎህ ሳይቀድ ከአጠገቡ ተነሥታ ትወጣለች። ሌላ ወንድ ወደሽ እንደሆነ ንገሪኝ ይላታል። እርሷ ግን ለካ ለእርሱ ዓይን ስትል ያን ሁሉ ሌሊት ተራራውን እየወጣች ካኖንን ስትለምን ነበር። አፍሮና አዝኖ አብሯት ይወጣል፤ ሦስት ቀን ሱባኤ እገባለሁ ብሎ ወደ ቤት ይመልሳትና፣ ሸክም ሆኜባታለሁ ከእኔ ትገላገል ብሎ ራሱን ከገደል ይወረውራል። ተመልሳ ሬሳውን ያየችው ኦሳቶም ተከትላው ትወድቃለች። ካኖን ሁለቱንም ታስነሣቸዋለች፤ ሲነጋ የሳዋኢቺ ዓይን በርቷል። ከዚያም ምንም ያህል አብረው ቢኖሩ አይቷት የማያውቃትን ሚስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያታል።

ይህ ታሪክ በመላው ጃፓን የታወቀው በቡንራኩ፣ ማለትም በአሻንጉሊት ቲያትር ነው። ኦሳካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1879 ለመድረክ በቃ። ዝነኛው የሻሚሰን (ባለ ሦስት ክር የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋች ዳንፔይ ከባለቤቱ ከቺካ ጋር ሆኖ እንዳዘጋጀው ይነገራል፤ የባልና ሚስትን ፍቅር የሚያወድስ ሥራ ከባልና ሚስት እጅ መውጣቱ ልብ ይነካል። በዋናው አዳራሽ ውስጥ የሳዋኢቺ ነው የሚባል በትር ይታያል። ተወረወረበት የሚባለውም ሸለቆ እዚያው ነው።

ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው መሳለማቸው በጃፓን ሁልጊዜ የተፈቀደ ነገር አልነበረም። ብዙ የተቀደሱ ተራሮች ለሴቶች ዝግ ነበሩ፤ እገዳውን መንግሥት የሻረው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ከ33ቱ አንዱ በሆነው በካሚዳይጎ እንኳ ሚስት ከተራራው ግርጌ፣ ለሴቶች በተሠራው አዳራሽ ትጸልይ ነበር።

የአምልኮው ሥርዓት ቀላል ነው። በሩ ላይ እጅ ይነሣል፤ እጅና አፍ በውኃ ይነጻል፤ ሻማና እጣን ይበራል፤ ሳንቲም ይሰጣል። ከዚያ ሁለቱን መዳፍ ገጥሞ መጸለይ ነው። ማጨብጨብ የጃፓን ነባር ሃይማኖት የሆነው የሺንቶ መቅደሶች ሥርዓት ስለሆነ እዚህ አይደረግም። ሱትራ፣ ማለትም የቡድሂስት ቅዱስ ጽሑፍ፣ የሚያነብ ያነባል፤ የማያውቅም ዝም ብሎ ይቆማል። የተሳላሚ ደብተር የሚቀርበው ከጸሎት በኋላ ነው፦ ጸሐፊው የቤተ መቅደሱን ቃል በብሩሽ ጽፎ ቀይ ማኅተም ያሳርፍበታል። ማኅተም ለመሰብሰብ ብቻ ጸሎቱን እየዘለሉ የሚሮጡ ጎብኚዎች ዋናውን ነገር አጥተውታል ባይ ነኝ። ጥንዶች አንድ ደብተር በጋራ መያዝ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሰው ሲሞት ደብተሩን ከአስከሬኑ ጋር በሣጥን ውስጥ የማኖር ልማድ ስላለ፣ ለየራስ መያዙ ይሻላል።

ቤተ መቅደሱ የዓይነ ስውራንን ጉዳይ ለተረት አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1961 በጃፓን የመጀመሪያውን የዓይነ ስውራን አረጋውያን መኖሪያ ከፍቷል፤ በኋላም በህንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲረዳ ቆይቷል። በ1983 በግቢው የቆመው 20 ሜትር ቁመት ያለው የካኖን የድንጋይ ሐውልት የዚህ ወዳጅነት ፍሬ ነው፤ ህንድ ውስጥ ተጠርቦ በክፍል በክፍል መጥቶ ተገጣጠመ። ሐውልቱ ግዙፍ ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚማርከኝ በ1497 የተሠራው ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት ግንብ ነው።

ከኦሳካ አቤኖባሺ ጣቢያ በኪንቴትሱ ባቡር ትሱቦሳካያማ ድረስ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ላይ የሚሄደው አውቶቡስ ጥቂት ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ጉልበት ያላቸው ጥንዶች በአሮጌው የታካቶሪ መንደር አቋርጠው በእግር ይውጡ፤ የአንድ ሰዓት ያህል ዳገት ነው፣ ኦሳቶም በየሌሊቱ ትወጣው የነበረው ይህንኑ ተራራ ነው።