«ተዛውሯል» ማለት «ያውቃል» ማለት አይደለም

ባለፈው ክረምት አቶቴ ሰፈር ያለች ጎረቤቴ የልጇን ካርድ ይዛ መጣች። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። ሽፍቷን ጨርሳ፣ ገና ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ነው ወደ እኔ ቤት የዘለቀችው። «ቲቸርዬ፣ እስቲ እዪልኝ፣ ሒሳብ 74 አምጥቷል» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። ከካርዱ ግርጌ «ወደ 10ኛ ክፍል ተዛውሯል» ይላል።

ልጁን አጠገቤ አስቀመጥኩትና «ግማሽ ሲደመር ሲሶ ስንት ነው?» አልኩት። 1/2 + 1/3 ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ። መልሱ 2/5 ሆነ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮት ነው። ይሄ ከ9ኛ ክፍል ብዙ ዓመት ቀድሞ ያለቀ ትምህርት መሆን ነበረበት።

እኔ ለ11 ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ያ 74 ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው በየሰፈሩና በየታክሲው የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ማንሳት የፈለግኩት።

«ማትሪክ ተማሪ ለመጣል ተብሎ የሚወጣ ፈተና ነው»

ይሄ ወሬ የጀመረው በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። 896,520 ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነበር። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ሰው ደነገጠ፤ ቢደነግጥም አይፈረድበትም።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ፣ ወረቀቱን ሳያነብ ዝም ብሎ ያጠቆረ ልጅም 25 በመቶ አካባቢ ያገኛል። የተጠየቀው ግማሹን ማግኘት ነው። ያን ዓመት በዋናነት የተለወጠው የመፈተኛው ቦታ ነው። ተማሪዎቹ በራሳቸው ትምህርት ቤት መፈተናቸው ቀርቶ፣ ጥቅምት 2015 ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ስልኩም አጤሬራውም ውጭ ቀረ።

የ2015ቱ ፈተና ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! እነዚያ ሁሉ ልጆች እኮ 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ ሰኔ 30 «ተዛውሯል» የሚል ካርድ እየተሰጣቸው ነው።

«ካርዱ ላይ ጥሩ ማርክ ካለ ልጁ ገብቶታል ማለት ነው»

የጎረቤቴ ስህተት ይሄ ነው። የእሷ ጥፋት ግን አይደለም። ካርድ ከማመን ሌላ ምን ምርጫ አላት?

ማርክ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዱ ክፍል የማጠቃለያ ፈተና ሲሆን የቀረው ተከታታይ ምዘና ይባላል፤ ቴስት፣ የቤት ሥራ፣ ደብተር፣ ግሩፕ ወርክ። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። አስተማሪው ልጁ የት ላይ እንደቀረ ቶሎ አይቶ እንዲደግፈው የታሰበ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ ሲኖር ግን ማን ማንን ይደግፋል? ግሩፕ ወርኩን አንዷ ጎበዝ ትሠራዋለች፣ ስድስቱም 10 ከ10 ያገኛሉ። ደብተር ስለያዘ 5፣ ክፍል ስለተገኘ 5። ልጁ ማጠቃለያው ላይ ሳይደርስ ግማሹን ተሻግሯል።

ያልሞላለት ደግሞ ይሞላለታል። አንድ ዓመት ከክፍሌ 19 ልጆች ወደቁብኝ። ቢሮ ተጠራሁ። ቁጣ አልነበረም፤ በትህትና ነው የተነገረኝ። የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ላይ የማለፍ ምጣኔ ተጽፏል፣ ወረዳ ሪፖርት ይጠብቃል፣ የእኔም የሥራ አፈጻጸም ውጤት ከዚያ ጋር ይታያል። «ማካካሻ ፈተና ስጪያቸው» ተባልኩ። ሰጠሁ። ጥያቄዎቹን ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ሰሌዳ ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ በማግስቱ እነዚያኑ ፈተንኳቸው። 17ቱ አለፉ። ሮስተሩ ላይ ፈረምኩ።

ያ ፊርማ ዛሬም ይቆጨኛል። የልጆቹን ችግር ለማንም እንዳይታይ አድርጌ ወደሚቀጥለው አስተማሪ አሻገርኩት። እሱም እንደኔው ያደረገ ይመስለኛል።

«እንግዲያው ማስደገም ነው!»

እንደዚህ የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ንዴታቸው ይገባኛል። ግን የሚደግም ልጅ የሚገባው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። መጽሐፉ ያው፣ 60 ልጅ ያው፣ ነገሩ ያልገባው በምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው የለም። ካስተማርኳቸው ውስጥ ከደገሙት ብዙዎቹ መሀል ላይ ጥለው ወጥተዋል፣ በተለይ ሴቶቹ።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታገዙ እንዲያልፉ መንገድ ሲከፍት፣ ሐሳቡ ልጁን መደገፍ ነበር። እኛ ማለፉን ወስደን ድጋፉን ተውነው።

«ችግሩ እንግሊዝኛ ነው»

በከፊል እውነት ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ሒሳብም ፊዚክስም በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚደናበር ልጅ አይቻለሁ። ነገር ግን ጉዳቱ የሚጀምረው እንግሊዝኛ ገና ሳይመጣ ነው። በ2002 ዓ.ም. የታችኛው ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታ በስድስት የአገር ቤት ቋንቋዎች ተለክቶ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ በራሳቸው ቋንቋ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እዚሁ እኛ ጋ በሲዳምኛ ከተፈተኑት ደግሞ ከግማሽ በላይ። ጊዜው ሩቅ ነው፤ ግን እነዚያና ከእነሱ ብዙም ያልራቁ ልጆች ናቸው አድገው ማትሪክ የተቀመጡት።

«ድሮ ነው ትምህርት»

ድሮ የሚማረው ጥቂት ነበር። በ1983 ለትምህርት ከደረሱት ልጆች አብዛኛው ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ዛሬ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪ አለ። ሁለቱን ማወዳደር አይሆንም።

«ውጤቱ እየጨመረ ነው፣ ተስተካክሏል»

በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 አልፏል። ጥሩ ዜና ነው፣ አልክድም። ያለፉት ቁጥር ከ29,909 ወደ 48,929 አድጓል። ግን የተፈታኙም ቁጥር ከ896,520 ወደ 585,882 ወርዷል። ፐርሰንቱ ከፍ ያለው በከፊል ከታች ያለው ቁጥር ስላነሰ ነው። ክፍልፋይ የገባው ሰው ይሄን ወዲያው ያየዋል፤ ላልገባው ግን የማለፍ ምጣኔ ጨመረ ሲባል በቃ ጨመረ ነው።

«እዚህ ከደረሰ በኋላ ምን ይደረጋል፣ አልፎበታል»

ይሄኛውን ከሁሉም በላይ እቃወማለሁ። የጎረቤቴን ልጅ ክረምቱን በሳምንት ሦስት ቀን አስጠናሁት። የጀመርነው ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አይደለም፤ ከአምባሻ ነው። አንዱን አምባሻ ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት ቆረስነው። «አሁን ግማሹና ሲሶው አንድ ላይ ስንት ሆኑ?» ስለው ቁራሾቹን አያያቸው። «እኩል አይደሉም እኮ፣ እንዴት አብረው ይቆጠራሉ?» አለኝ። ሁለቱንም እኩል እኩል ስድስት ቦታ እንዲቆርሳቸው ነገርኩት። ቆጠረ፣ ሦስትና ሁለት። አምስት ስድስተኛ።

ዕድሜው 15 ነው። በ15 ዓመቱም ቢሆን ያን ጥያቄ ጠየቀ። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ነው። አልጀብራው አሁንም ይከብደዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እናቱ አሁን ካርዱን ሳይሆን ደብተሩን ነው ይዛልኝ የምትመጣው።