ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ስራ ማግኘት፦ የአሜሪካው ቪአር እንዴት ነው የሚሰራው

በመኪና አደጋ ወይ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ መራመድ ሲጀምር ቤተሰብ "ተመስገን፣ ድኗል" ይላል፣ ጉዱ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ስራ ሲገባ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሰራ ዝልፍልፍ ይላል፣ አሁን የነገሩትን ይረሳል፣ ጫጫታ ያዞረዋል፣ በትንሽ ነገር ቱግ ይላል፣ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ምንም ስላልሆነ ሰነፍ ተብሎ ያርፈዋል።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ አይነቱን ሰው ስራ የሚያስይዘው ቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን ነው፣ ባጭሩ ቪአር። ፕሮግራሙ በ1920 በፈረንጆቹ ተጀምሮ በ1973ቱ የሪሃቢሊቴሽን አክት ነው አሁን ያለውን መልክ የያዘው። አብዛኛውን ብር ፌደራል ይሰጣል፣ የሚያካሂደው ግን ስቴቱ ስለሆነ ስሙም ይለያያል፣ ሀበሻ በሞላበት በዲሲ ዙሪያ እንኳን ቨርጂኒያ ዳርስ ሲሉት ሜሪላንድ ዶርስ ይሉታል። ካመለከትክ በኋላ ብቁ ነህ አይደለህም የሚለውን በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለባቸው፣ ከዛ በ90 ቀን የስራ እቅድ ይወጣል። ብር ሲያጥራቸው ጉዳቱ የከፋውን አስቀድመው ሌላውን ወረፋ ያስይዙታል።

ዋናው ሰው በኔ እይታ ቪአር ቢሮ ፋይልህን የሚይዘው ካውንስለሩ ሳይሆን ስራ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያሰለጥነው ጆብ ኮቹ ነው። አእምሮው የተጎዳ ሰው ክላስ የተማረውን ሌላ ቦታ ወስዶ መጠቀም ስለሚከብደው መጀመሪያ ስራው ላይ ይገባና እዛው ይሰለጥናል፣ ይሄ አሰራር ህግ ውስጥ የገባው በ1986 ነው። ለምሳሌ ሆቴል ኪችን ውስጥ ከሆነ ኮቹ አብሮት ይቆምና እቃ መደርደሩን አንድ በአንድ ከፋፍሎ በፎቶ ፍሪጁ በር ላይ ይለጥፍለታል፣ የእረፍቱን ሰዓት ስልኩ ላይ አላርም ያስሞላዋል፣ ጠዋት ጠዋት ንቁ ከሆነ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ሺፍቱን ያስቀይርለታል፣ ከዛ ቀስ እያለ ይሸሻል። አሰሪው 15 ሰራተኛና ከዛ በላይ ካለው በ1990ው ኤዲኤ፣ ማለትም አካል ጉዳተኛን ከመድልዎ በሚጠብቀው ህግ መሰረት ከአቅሙ በላይ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን ማመቻቸት ግዴታው ነው።

የተገኘውን ሁሉ ተቀበል ማለት ግን አይደለም። አካውንታንት የነበረን ሰው ዝም ብሎ ሼልፍ ደርድር ማለት አይቻልም፣ እቅዱ የሱን ፍላጎት ይዞ ራሱ የሚፈርምበት ነው፣ በኋላም ይቀየራል። ካውንስለሩ አልሰማ ካለ በየስቴቱ ክላየንት አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል አለ፣ በነፃ ይከራከርልሃል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ስራ ከጀመርኩ የአካል ጉዳት ቼኬ ይቆረጣል ብሎ ነው። ኤስኤስዲአይ፣ ማለትም ድሮ ሰርቶ ሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የከፈለ ሰው ሲጎዳ የሚያገኘውን ቼክ፣ የሚወስድ ሰው ግን 9 ወር የሙከራ ጊዜ አለው፣ በዛ ጊዜ የፈለገውን ያህል ቢያገኝ ቼኩ አይነካም፣ ገቢውን ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ ሰው የሚሰጠው፣ ሌላ ነው፣ እሱ ገቢ ሲመጣ ይቀንሳል።

ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነፃ ነው። አብሮት የሚኖር ሰውም ይሂድ፣ ምክንያቱም ተጎጂው ራሱ የረሳውን እንደረሳ ላያውቅ ይችላል፣ ደህና ነኝ ብሎ ከተመለሰ ደግሞ ፋይሉ ላይ የሚፃፈው ያው ደህና ነው የሚል ነው።