ረግረግና ጎረቤቶቹ

አማርኛ ለረግረግ ደግ ቃል የለውም። ድህነት አረንቋ ነው፤ ችግር የበዛበት ሰውም «ተዘፈቀ» ይባላል። የመሬት መዝገብ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይሻልም፤ ረግረጉን ጠፍ መሬት ብሎ ያልፈዋል። በዙሪያው ለሚኖር ሰው ግን ጠፍ ሆኖ አያውቅም።

ረግረጋማ መሬት የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ወይም በከፊል ውሃ የሚተኛበት፣ አለዚያም አፈሩ በውሃ የጠገበ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ትርጉሙን በጣም ያሰፋዋል፤ ከጨፌና ከሐይቅ ዳርቻ አልፎ ሰው የሠራውን ኩሬ፣ ውሃው ሲሸሽም ከ6 ሜትር የማይጠልቀውን የባሕር ዳርቻ ይጨምራል። ለነዋሪው ጣጣ የምታመጣው «በከፊል» የምትለዋ ቃል ናት። በደረቅ ወራት ታይቶ የተገዛ ቦታ ረግረግ መሆኑ የሚታወቀው ቤቱ ከቆመ በኋላ ነው።

ያ ቦታ ቀድሞ የጎርፍ ማረፊያ ነበር። ውሃው በሸምበቆና በቄጠማ መካከል ሲያልፍ ጉልበቱ ይደክማል፤ ይዘረጋል፣ ደለሉን ያራግፋል፤ በሰዓታት ሊወርድ የነበረው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በማሳቹሴትስ የቻርልስ ወንዝን ጎርፍ ሲያጠኑ ይህንን አስልተው፣ ግድብ ከመገንባት ይልቅ በላይኛው ተፋሰስ ያሉትን ረግረጎች ገዝቶ እንዳሉ ማቆየትን መረጡ።

ጭቃውን በእጁ የዛቀ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ላዩ ቡናማ ነው፤ ጥቂት ጣት ዝቅ ሲል ይጠቁራል፣ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል። ሽታው የቆሻሻ ይመስላል እንጂ የሚናገረው እዚያ ኦክስጅን አለመኖሩን ነው። በዚያ ጨለማ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከእርሻና ከመጸዳጃ የመጣውን ናይትሬት፣ ማለትም ውሃ የሚበክለውን የናይትሮጅን ውህድ፣ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። በኡጋንዳ የናኪቩቦ ረግረግ የካምፓላን ፍሳሽ ተቀብሎ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ያጣራል፤ ከተማዋ የምትጠጣውም ከዚያው ሐይቅ ነው። በሕንድ፣ ከኮልካታ ከተማ በስተምሥራቅ 12,500 ሄክታር በሚሆን ስፍራ ደግሞ የከተማዋ ፍሳሽ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ፀሐይ እየመታው ዓሣ ይረባበታል፤ አስጋሪው የሚኖረው ከተሜው ከጣለው ነው። ይህ ሥራ ግን ወሰን አለው። ከፋብሪካ የሚወጣ እርሳስና ሜርኩሪ ጭቃው ውስጥ ይከማቻል እንጂ አይጠፋም። ረግረግ አጠገብ የሚኖር ሰው ስለ ወባ ትንኝ ሲያማርርም አጋነነ አይባልም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ረግረጉ የማን ነው የሚለው ነው። በብዙ ቦታ የጋራ ነው። መሬት የሌለው ሰው ሸምበቆ አጭዶ ምንጣፍ ይሠራል፣ ጣሪያ ይከድናል፤ ሌላው የደጋው ሣር ሲያልቅበት ከብቱን ያወርዳል፤ ሌላው በአንዲት ታንኳና በአሮጌ መረብ ልጆቹን ያሳድጋል። ይህ ገቢ ደረሰኝ ስለሌለው በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ረግረጉ ደርቆ ሲታረስ ወይም ሲታጠር ግን ምርቱ ይቆጠራል፤ ባለቤቱም አንድ ይሆናል። ወረቀቱ ትርፍ ይመዘግባል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ስለሚርቅ ግን የጎረቤቱ የጉድጓድ ገመድ ይረዝማል።

በደቡብ ኢራቅ፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ዳር ያለውን ሰፊ ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መንግሥት ሆን ብሎ አደረቀው። በሸምበቆ ቤት እየኖሩ የውሃ ጎሽ የሚያረቡት ነዋሪዎች ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ2003 አገዛዙ ሲወድቅ የአካባቢው ሰዎች የአፈር ግድቦቹን ራሳቸው ናዱ። ውሃው ተመለሰ፤ ሸምበቆውም በብዙ ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቀለ። መሬቱ ደርቆ በቆየባቸው ዓመታት ጨው በተጋገረበት አፈር ላይ ግን ውሃ ብቻ ተኛ።