ፕራይመር ምንድን ነው? ሞዴል መኪና ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ፕራይመር በፕላስቲኩና በቀለሙ መካከል የሚገባ ስስ መሠረት ነው። የሞዴል መኪና ቦዲ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊስታይሪን ይሠራል። ይህ ፕላስቲክ ልስልስ ስለሆነ ቀለም አጥብቆ አይይዝም። ያለ ፕራይመር የተቀባ ቦዲ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው ሲያነሱት ቀለሙም አብሮ ይላጣል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ጉድለትን ማጋለጡ ነው። ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ሻጋታ ጣሪያው ጠርዝና ፓራውልቱ ጥግ ላይ ጥሎት የሚሄደው ቀጭን መስመር ነጭ ፕላስቲክ ላይ ለዓይን አይታይም። ግራጫ ፕራይመር ሲለብስ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ በደንብ ያልሞላ ስቱኮም እንዲሁ። ሲደርቅ ቦዲውን መስኮት አጠገብ ይዞ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ቀስ እያሉ ማዞር ነው። የታየው እንከን በ800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይፈገፈግና ቦታው እንደገና ይረጫል። ይህን መዝለል አይገባም፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ጭረትን ያጎላል እንጂ አይደብቅም።

ከመርጨት በፊት ቦዲው ለብ ባለ ውሃና በጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል። የሻጋታ ቅባት ወይም የእጅ ወዝ የቀረበት ቦታ ላይ ፕራይመሩ ይሸሻል። የበርና የኮፈን መስመሮችም በቢላ ጀርባ ትንሽ ጠለቅ ይደረጋሉ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ በ1/24 መጠን 0.1 ሚሊሜትር የቀለም ውፍረት እውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። መስመሩ ከተደፈነ መኪናው ከሳሙና የተቀረጸ ይመስላል።

የፕራይመሩ ስፕሬይ ከቦዲው 20 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ። መርጨቱ ከቦዲው ውጭ ተጀምሮ ከቦዲው ውጭ ይቁም። የመጀመሪያው እጅ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም። 10 ደቂቃ ያህል እያረፉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እጅ መድገም፣ ከዚያ 24 ሰዓት መተው ነው።

አየሩም ወሳኝ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደሴ ላይ ባይረጩ ይመረጣል። ፕራይመሩን የሚያቀጥነው ቲነር ሲተን የቦዲውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና ነጣ ያለ ጭጋግ ይቀራል። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ይሻላል። ስፕሬዩ ከቀዘቀዘ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ከሰል አጠገብ ግን ፈጽሞ አይጠጋ፣ ይፈነዳል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሞቃትና ነፋሻ ቀን ጠላት ነው፦ ጠብታው አየር ላይ ይደርቅና ገጹ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ይሻክራል። በማለዳ፣ ነፋስ በማይገባበት ቦታ፣ ወደ 15 ሴንቲሜትር ተጠግቶ መርጨት ያድነዋል።

ለጋራዥ የሚሸጠው የመኪና ፕራይመር ዋጋው ሊያጓጓ ይችላል፤ የተሠራው ግን ለላሜራ ነው። ውስጡ ያለው ኃይለኛ ቲነር ፖሊስታይሪንን ሊያሟሟ ይችላል፤ ያኔ ገጹ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል፣ የበሩ እጀታም ይቀልጣል። ማንኛውም አዲስ ስፕሬይ መጀመሪያ ክፍሎቹ ተቆርጠው በቀረው ፍሬም ላይ ይሞከር።

ቀለሙን በተመለከተ፦ ለጥቁርና ለሰማያዊ ግራጫ፣ ለቢጫና ለቀይ ነጭ ፕራይመር ይስማማል። ፕላስቲኩ ራሱ ቀይ ሆኖ መኪናው ነጭ የሚቀባ ከሆነ ግን ቀይነቱ ሰርጎ ነጩን ሮዝ ስለሚያደርገው መጀመሪያ ግራጫ ወይም ብርማ ቀለም ይረጭበታል፣ ነጩ ፕራይመር ከዚያ ይከተላል።