«ማሽኑ ሁሉን ይበላል» ለምትሉ

አዲስ አበባ ያለው የረጲ ኃይል ማመንጫ፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ አንድ አባባል ሰልችቶኛል። ቆሻሻ ለዩ ስል «ምን አስጨነቀህ? እዚያ ሄዶ መቃጠሉ አይቀር!» ይሉኛል። የቦይለር (የእንፋሎት ማፍሊያ) ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ። ክረምት ሲገባ ዝናብ ይጨመርበታል። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት፤ 1 ኪሎ ውሃ ብቻ 2.6 ሜጋ ጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት ይበላል። ቆሻሻ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲነድ ደግሞ በኪሎ ቢያንስ 6 ሜጋ ጁል ያህል መስጠት አለበት። እርጥብ የወጥ ቤት ቆሻሻ ብቻውን እዚያ አይደርስም። ምድጃው ከ850 ዲግሪ በታች ሲወርድ መርዛማ ጋዞች በወጉ አይጠፉም። ያኔ ናፍጣ ይለቀቅበታል። ቆሻሻ ለማቃጠል ናፍጣ!

ጎረቤቴ ወረቀትና ላስቲክ ለብቻ ስትለይ አይቼ አመሰገንኳት። ወዲያው የተረፈ ሽሮ እዚያው ፌስታል ውስጥ ገለበጠችበት። ለምን ስላት «ቦታ እንዳይባክን» አለችኝ። ምን ልበላት?

ስለዚህ እርጥቡን ለብቻው አድርጉ። ግቢ ያላችሁ አበስብሳችሁ ለአትክልት አውሉት። ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቆራሌው ስጡ፤ ከእነሱ ሙቀት አይገኝም። ጓሮ ላይ ላስቲክ ማቃጠልማ ተዉት።

ሌሎችም የምሰማቸው አባባሎች አሉ። «ከተቃጠለ ምንም አይተርፍም።» ከክብደቱ ሩብ ያህል አመድ ሆኖ ይቀራል።

«የቤቴ ልጣጭ ለባዮጋዝ ይበቃኛል።» ልጣጩ ሲበሰብስ የሚሰጠው ጋዝ ሻይ ያፈላልሃል፤ እንጀራ አይጋግርልህም። ገጠር ላይ ለአንድ ቤት የአራት ከብት ያህል እበት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

«ከቆሻሻ የወጣ ውሃ ይጠጣል? ጉድ ነው!» ይጠጣል። ሴኔጋል፣ ዳካር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ኦምኒ ፕሮሰሰር የተባለ ማሽን የሽንት ቤት ዝቃጭ ያደርቃል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። የደረቀው ይነድና መልሶ ማድረቂያውን ያሞቃል፤ ኤሌክትሪክም ይሰጣል። አሜሪካ ከነበረው የሙከራ ማሽን የወጣውን ውሃ ቢል ጌትስ ካሜራ ፊት ጠጥቶታል። እንፋሎት ጨው ይዞ አይወጣም። አሞኒያና ሽታው ግን አብረው ስለሚተኑ ውሃው ከዚያ በኋላ መጣራት አለበት። «ፈልቷልና ንጹሕ ነው» ባዮችም ተሳስታችኋል። ልብ በሉ፣ እዚያም ቢሆን ሳይደርቅ እሳት ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

ረጲ ግን የመጠጥ ውሃ አያመርትም። ጀሪካን ይዛችሁ እንዳትሄዱ።